በጃኬቱ ላይ የተፈታው ክር

የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ማን እንደገባ አያመልጠኝም። እዚህ ኦሃዮ ብርድ እንዳይገባ የቤቱን ስንጥቅ ላስደፈነ ሰው መንግሥት ከወጪው ይመልስለታል። ደፋኙ ግን መጀመሪያ ሰልጥኖ ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት፤ ካልገባ ማን ይጠራዋል? ስልጠናው እዚሁ አዳራሽ ሦስት ቀን ነው።

ለመሰልጠን ከመጡት አንዱ ሽማግሌ ሦስቱንም ቀን በሩ ጋ ተቀመጠ። ሾርባ ስሰጠው "እሺ"፣ ሳይቀምሰው ሳነሳበትም "እሺ"። ሌሎቹ ንፋስ የሚገባበትን በማሽን ሲፈልጉ፣ እሱ የእጁን ጀርባ ግድግዳው ላይ አሳልፎ "እዚህ ጋ" ይላል። ስቶ አያውቅም። ጃኬቱ ደረት ላይ የራሱ ድርጅት ስም ተጠልፏል፤ ከስሙ ቀጥሎ "እና ልጁ" የሚለው ክር ግን ተፈቷል። የመርፌው ቀዳዳ አለ። ዓይኔ መቼ ይደክምና!

በመጨረሻው ቀን አስተማሪዋ ሎሬታ የመመዝገቢያ ቅጹን መለሰችለት።

"አባባ፣ የንግድ ፈቃድዎ 'እና ልጁ' ይላል፤ እርስዎ ቅጹ ላይ ትተውታል። ስሙ ካልገጠመ አይመዘገቡም። ፈቃዱን ላስቀይር ካሉ ደግሞ እስኪቀየር ብርዱም ሥራውም ያልፋል።"

እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ። እኔ መች አርፌ!

"ምን ይገትርዎታል? የገዛ ልጅዎ አይደል?"

"ነበረ" አለኝ፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም።

ጻፈው። ከዚያ ግድግዳ እንደሚፈትሽ ሁሉ፣ የእጁን ጀርባ ደረቱ ላይ፣ የመርፌው ቀዳዳዎች ጋ አሳለፈ።