ከአርሴማ እግር ሥር ያለችው ባለ አንድ ዓይን

በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ፣ ከቅድስት አርሴማ እግር ሥር፣ ባለ አንድ ዓይን ሆኜ ተስያለሁ። መጋረጃው በተገለጠ ቁጥር ሰው ሁሉ ያየኛል። ነገሩ እንዴት እንደሆነ የባሌ እህት በየለቅሶ ቤቱ የራሷን ስታወራ ኖራለች። እኔ ዝም አልኩ። አሁን የኔን እጽፋለሁ።

የልጄ ኩላሊቶች ሁለቱም ደክመው በሳምንት ሦስት ቀን ቤቴል ሆስፒታል እየሄደች ከማሽን ጋር ትውል ነበር። ያለችኝ ልጅ እሷ ብቻ ነበረች። ልጄን ብታቆምልኝ ሥዕሏን አሠርቼ ላስገባ ለሰማዕቷ ተሳልኩ። ሰው ስለቱን የሚያስገባው ከደረሰለት በኋላ ነው፤ እኔ ግን ልጄ በየቀኑ ስታንስ እያየሁ መጠበቅ አልቻልኩም።

የባሌ እህት፣ «ሠዓሊ እኔ አውቃለሁ፣ አንቺ ከልጅሽ አትለዪ» አለችኝ። ደግነት መስሎኝ መረቅኋት። ስለት የተሳለው ሰው መልክ ከሰማዕቷ እግር ሥር ስለሚገባ አንድ ጉርድ ፎቶዬን ሰጠኋት።

በሰማዕቷ ክብረ በዓል ቀን ልጄን ደግፌ ሄድኩ። ሥዕሉ ሜሮን ተቀብቶ ተሰቅሏል። መጋረጃው ሲገለጥ እልል ተባለ። አርሴማ በሁለት ትልልቅ ዓይኖቿ ታየናለች። በስተቀኝ ሰይፍ የመዘዙት ወታደሮች በጎን ተስለዋል፣ አንድ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ ገዳዮችና ሰይጣን በጎን እንደሚሳሉ እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል። ከሥር ደግሞ እኔ እጄን ዘርግቼ። በጎን።

እልልታው አጠገባችን ሲደርስ ቀጠነ። ልጄ ክንዴን ያዘችና፣ «እማዬ፣ ለምን ከነሱ ጋር አደረጉሽ?» አለችኝ።

ዞሬ የባሌን እህት አየኋት። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ምን ጎደለው? ቁርጥ አንቺን ነው» አለች።

ቄሱን ለመንኳቸው፤ ሜሮን ያረፈበት ሥዕል ከእንግዲህ አይነካም አሉኝ። በሳምንቱ ሠዓሊውን ኮልፌ፣ ከሥራ ቤቱ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት። ከመሳቢያው ያወጣልኝ ፎቶ እኔ የሰጠሁት ጉርድ ፎቶ አልነበረም። ከባሌ እህት ልጅ ሠርግ ፎቶ ላይ በመቀስ የተቆረጠ ነው፤ ፊቴን ከእሷ ያዞርኩበት። ለምን እንዳዞርኩ እኔና እሷ እናውቃለን።

«ማዘር፣ ፊት ለፊት ያለ አምጡልኝ ብያቸው ነበር» አለ ሠዓሊው አንገቱን ደፍቶ። «ሌላ የላትም አሉኝ።»

ይህን ያህሉን ለብዙ ሰው መናገር እችል ነበር። የማልችለው የሚከተለውን ነው። በዚያ በክብረ በዓሉ ቀን፣ ከሥዕሉ ፊት ሁሉም ለየራሱ ሲማጸን፣ ልጄ ሙሉ ክብደቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ቆማ ሳለ፣ እኔ ሰማዕቷን የለመንኳት ስለ ልጄ አልነበረም። የባሌን እህት ሁለቱንም ዓይኖቿን እንድታጠፋልኝ ነበር። ደጋግሜ፣ ጥርሴን ነክሼ ለመንኳት። ልጄ ደክሞኛል፣ ልቀመጥ ስትለኝ የሰማኋት በሦስተኛው ነው። ስለ እሷ በሌላ ቀን እመለሳለሁ ብዬ ነበር።

በሚቀጥለው ክብረ በዓል ብቻዬን ሄድኩ፣ ጥቁር ለብሼ። የባሌ እህት ከፊት ቆማለች፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ደህና ናቸው። መጋረጃው ሲገለጥ ቀና ማለት አቃተኝ። እስኪዘጋ ድረስ መሬት መሬቱን አየሁ።