ጥገት

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው። የሒሳብ መምህርቷ፣ ተማሪዎቿ ከኋላዋ «ጥገት» እንደሚሏት የሰማችው ከሰው ሁሉ በኋላ ነው፤ ለዚያውም ከጽዳት ሠራተኛዋ አፍ።

«ቲቸርዬ፣ ለምንድን ነው የምትታለብ ላም የሚሉሽ? አንቺ እንደሆንሽ ከስተሽ አልቀሻል!» አለቻት፣ ኮሪደሩን እየወለወለች።

መምህርቷ ሳቀች። ምን ታድርግ? ቃሉን ያመጣችው ራሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሌጁ ውስጥ «ድንጋዩ» የሚባል መጽሐፍ አለ። የሒሳብ ትንተና መማሪያ ነው፤ አሮጌ፣ ወፍራም፣ በየአገሩ ስንቱን ተማሪ ያስለቀሰ። ድንጋዩ የተባለው ሊቆረጥመው የሞከረ ሁሉ ጥርሱን ስለሚሰብርበት ነው። እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አባቷ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ፤ ዕቃ ቤት ውስጥ እግሩ ላጠረ ጠረጴዛ ድጋፍ ሆኖ አገኘችው። በቦታው ጡብ ተካችና መጽሐፉን ይዛ ወጣች።

ለብዙ ጊዜ ጠብ የሚል ነገር አልገባትም። አንድ ቀን ግን አንዱ ገጽ ተገለጠላት፤ ሊሚት የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ የሚያስረዳው። ክርክር ይመስላል። «ልዩነቱ ምን ያህል ትንሽ እንዲሆን ትፈልጊያለሽ? አንቺ ብቻ ንገሪኝ፤ እስከ የት መጠጋት እንዳለብሽ እኔ አሳይሻለሁ» ይላል። መድረስ ግዴታ አይደለም፤ ቁም ነገሩ መጠጋቱ ነው። ልጅቷ ደስታ ሊገድላት ምንም አልቀራት። ከዚያ ወዲህ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ይህን ትምህርት እስከ ጥጉ መማር።

አድጋ መምህርት ሆነች። አባቷ ሲሞቱ እናቷን ይዛ ከኮሌጁ ጀርባ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ገባች። ድንጋዩን የሚደፍር ሌላ መምህር ስላልተገኘ የጠዋቱም የከሰዓቱም ክፍል እሷ ላይ ወደቀ። መምህር ሲታመም የምትተካው እሷ፣ የፈተና ወረቀት ሲከመር የምታርመው እሷ። ጎበዝ መሆን ጣጣው ይኸው ነው፤ እንቢ ማለት ካላወቁበት ሁሉም ባልዲውን ይዞ ይመጣል።

በመጨረሻ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ተቀበላት። እልል! የቀራት ከኮሌጁ መልቀቂያ ማግኘት ብቻ ነበር። መልቀቂያውን የሚፈርሙት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ምን ቢጠየቁ መልሳቸው «አይዞሽ፣ ይደርሳል» ስለሆነ ተማሪው «አቶ ይደርሳል» ይላቸዋል። ክፉ ሰው አይደሉም። እንዲያውም ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው ይጣሉታል። ሻይ ጋብዞ «ልጄ» የሚልን ሰው ግን ምን ይሉታል?

«አንቺ ከሄድሽ ድንጋዩን ማን ሊሸከመው ነው?» አሏት። «ስሚኝ ልጄ፣ መጽሐፉን በራሳችን ቋንቋ ተርጉሚልን። ያኔ ማንም አንብቦ ያስተምረዋል። ታትሞ በወጣ ዕለት እፈርምልሻለሁ።»

«የዩኒቨርሲቲው ምዝገባ ሳይዘጋ?»

«ይደርሳል!»

መስኮቱ የመጋዘኑን ግድግዳ ብቻ በሚያሳየው ቢሮዋ ተቀምጣ ተረጎመችው። ምዕራፍ በምዕራፍ፣ አንጀቷ እስኪታጠፍ። ሊሚት ላይ ስትደርስ ከ«መጠጋት» «ጥገት» የሚል ቃል አወጣች። ክፍል ውስጥ ስትሞክረው ተማሪው በሳቅ ፈረሰ፤ ጥገት ማለት የምትታለብ ላም ናት። እሷም ነገሩን በሳቅ ልትገላገለው ብላ ከመልመጃዎቹ መሀል የራሷን ጥያቄ ጨመረች፤ «አንዲት ጥገት ላም ወተቷ በየቀኑ በግማሽ ቢቀንስ፣ ለዘላለም ብትታለብ ጠቅላላ ወተቷ ምን ያህል ይሆናል?» መልሱ የመጀመሪያው ቀን ወተት እጥፍ ነው፤ ለዘላለም ቢያልቧት ከዚያ አታልፍም። ተማሪዎቹ ጥያቄውን ወደዱት፤ ስሙንም ለእሷ ሰጧት።

መጽሐፉ አለቀ። ቃላቱን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ግን አንዲቷ ቃል ላይ ተገተረ። የቋንቋው መምህር መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ጥገት? ተማሪው መልሱን ከበረት ሊፈልግ ነው?» አሉ። ጉባኤው አውካካ።

«ከመጠጋት ነው የመጣው» አለች። «ሊሚት ሲሉት ለልጆቹ ጆሮ ምንም አይደለም። ጥገት ሲሉት ግን መጠጋቱ ይሰማቸዋል።»

«ዓለም ሁሉ ሊሚት ካለ እኛ ምን ቆርጦን?»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ አቶ ይደርሳል፣ ሁለቱንም ሊያስታርቁ። «በሚቀጥለው ስብሰባ እናየዋለን።»

በሚቀጥለውም አዩት፤ በሚቀጥለውም። ምዝገባው ሊዘጋ እየተቃረበ መጣ። ቤት ውስጥ እናቷ የሻንጣውን እጀታ በሽቦ አስረው፣ ሹራብና ወፍራም ካልሲ አጣጥፈው ከተውበት ነበር። ልጃቸው ብትሄድ ብቻቸውን እንደሚቀሩ ያውቃሉ፤ ቢሆንም አንድ ቀን አልተነፈሱም። እንዲያውም አንድ ምሳ ሰዓት ላይ ተቆጧት።

«ስጪያቸው! ቃል ነው እንጂ ልጅሽ አይደል!»

«እማዬ፣ በሕይወቴ የራሴ ያልኩት እሱን ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ያንን ቃል አቅፈሽ እዚሁ አርጂ!»

ይህ አንጀቷን ቆረጠው። ከሰዓት ቢሮዋ ገብታ ኮምፒውተሩን «ጥገት ያለበትን ሁሉ በሊሚት ተካ» ብላ አዘዘችው። ዐይን ሳይርገበገብ ተካው። እንባዋን ዋጥ አድርጋ፣ ምዝገባው ይደርስልኛል ብላ፣ ሳታነበው ለኮሚቴው ላከችው። ኮሚቴውም እፎይ ብሎ፣ እሱም ሳያነበው፣ ማተሚያ ቤት ሰደደው።

ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት መጽሐፉ ታትሞ መጣ። መምህራን ክበብ ውስጥ የቋንቋው መምህር እያገላበጡ ቆዩና ድንገት ሻያቸው ትን አላቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፤ «አንዲት ሊሚት ላም ወተቷ በየቀኑ በግማሽ ቢቀንስ…»

ጉድ ፈላ! ያን ቀን ኮሌጁ ውስጥ ያልሳቀ ሰው እሷ ብቻ ናት። መልቀቂያዋን ልታስፈርም ስትገባ አቶ ይደርሳል ሻይ አዘዙላት።

«ልጄ፣ ይህን ይዘን ማን ፊት እንቀርባለን? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። ይታረምና እንደገና ይታተም።»

«ታትሞ በወጣ ዕለት ብለውኝ ነበር እኮ!»

«በደንብ ታትሞ ማለቴ ነዋ።»

«ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል ጋሼ! ስለ ፈጣሪ ብለው!»

«ይደርሳል፣ አይዞሽ።»

አልደረሰም። የታረመው ሲመጣ ቦታዋ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። አቶ ይደርሳል ቃላቸውን አላጠፉም፤ በዚያው ዕለት ጠርተው ፈረሙላት። የትም የማያስገባውን መልቀቂያ እጇ ላይ አስቀመጡና ከመሳቢያቸው ሌላ መጽሐፍ አወጡ። የፊዚክስ ነው፤ የድንጋዩ እኩያ፣ ውፍረቱም እንደዚያው።

«የሚመጣው ዓመት ምዝገባ እስኪደርስ እጅሽ ሥራ እንዳይፈታ። ይህ እንኳ ላም የለበትም» ብለው ሳቁ። ሊያጽናኗት ነው።

እንቢ በይ እንጂ! ግን እንቢ ብላ ወዴት ልትሄድ? ተቀብላ ቢሮዋ ገባች። መጽሐፉን ከመሀል ገለጠችውና መተርጎም ጀመረች። ቃላቱ ሁሉ ቀላል ነበሩ፤ ኮሚቴ የሚያጣላ አንድም የለባቸውም። «አንድ ሰው ግድግዳ ሲገፋ ቢውል፣ ቢያልበውና ቢደክመውም፣ ግድግዳው ንቅንቅ ካላለ በግድግዳው ላይ የሠራው ሥራ ዜሮ ነው።» ጽፋ ጨረሰችና በመስኮቱ ወደ መጋዘኑ ግድግዳ አየች። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታ ወደ ቤቷ ሄደች።

እናቷ ወሬው ደርሷቸዋል። ሻንጣው ተራግፎ ሹራቡ ወደ ቁም ሳጥኑ ተመልሷል፤ ሻንጣው ውስጥ ሽንኩርት ተቀምጦበታል። እናትዬው ያንን እንዳታይባቸው በጀርባቸው ከለሉት።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ? ሥራ እንዴት ነው?»

«ዜሮ ነው እማዬ።»

«ውይ! ደግሞ የትኛው ሰነፍ ነው ዜሮ ያመጣው?»

«እኔ ነኝ» አለችና፣ ያን ሁሉ ጊዜ የያዘችው እንባ ዱብ ዱብ አለ።