ሀብትነሽ እና የጠላቂው መነጽር

ሀብትነሽ በርበሬ ስታምስ ሰፈሩ በሙሉ ያነጥስ ነበር፤ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አንጥሳ አታውቅም። ከጊዮርጊስ ቅዳሴ የሚመለሱ ካህናት በደጇ ሲያልፉ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጥለው እርምጃቸውን ያፈጥናሉ። እሷም ከበሩ ብቅ ብላ «ይማራችሁ አባቶቼ!» ትላለች። ምርቃት ይምሰል እንጂ ግማሹ ኩራት ነው።

ባሏ ገና በወጣትነቷ ሞቶባታል። አንዲት ልጇን ሙሉአለምን ያሳደገቻት በዚያው በርበሬ ነው። ያን ጊዜ ብቸና ላይ ከየአገሩ ተመድበው የመጡ አስተማሪዎችና የጤና ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ የወሎውም የሐረሩም የሀብትነሽን በርበሬ ካላገኘ ወጥ በላሁ አይልም። ምስጢሩን ሲጠይቋት አፍንጫዋን በጣቷ መታ መታ አድርጋ፣ «በርበሬ በዓይን አይታመስም። መድረሱን የሚናገር ይኼ ነው፤ ዓይን ውሸታም ነው» ትላቸዋለች።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ሙሉአለም ታጨች። ልጁ የሞጣ ሰው ነው፤ ብቸና ተመድቦ የሚያስተምር፣ ጨዋ። ሽማግሌ ተላከ፣ ተጠየቀ፣ ተፈቀደ፤ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ሽማግሌዎቹ ሊነሱ ሲሉ ግን ከልጁ እናት ከወይዘሮ ጥሩአየሁ የተላከ አንድ ቃል ጣል አደረጉ።

«የልጅቱን መልክ ልጄ አይቶታል። እኔ የማየው የእናቷን በርበሬ ነው ብለዋል።»

ወይዘሮ ጥሩአየሁ ሞጣ ላይ በበርበሬ ነገር ዳኛም ይግባኝ ሰሚም እሳቸው ናቸው ይባላል። በሀብትነሽ ዘር ደግሞ የሙሽራ በርበሬ በእናት እጅ ካልታመሰና ካልተወቀጠ ትዳሩ አልጫ ይሆናል የሚባል ነገር አለ። ሀብትነሽ ግን ይኼን ስትሰማ ሳቀች። እሷ ምን አስፈራት!

በኅዳር ከባድ ጉንፋን ያዛትና አልጋ ላይ ጥሏት ሰነበተ። ተሻላትና ተነስታ ብረት ምጣዷን ጣደች። በርበሬው ገና ሞቅ ሲል አፍንጫዋን የሆነ ነገር ነዘራት። «እንጥሽ!» አለች። ደነገጠች። ከዚያ አሥራ ሰባት ጊዜ ተከታትሎ አስነጠሳት። በመጨረሻው ምጣዱ ተገለበጠና ሦስት ቀን ሙሉ የቀነጠሰችው በርበሬ ደጅ ድረስ ተረጨ። ዶሮዎቹ ዓመት በዓል የመጣ መስሏቸው ለቃቀሙት። ዓይኗም አብጦ እንቁላል አከለ። በማግስቱ ሞከረች፣ ያው ነው። በሳምንቱም ያው!

ጎረቤቷ ድሬሰር ሰይድ ዓይኗን ገልጦ አየና፣ «ከብናኙ መራቅ ነው» አላት።

«ልጄን ልድር ነው እኮ፣ አንተ ሰው!»

«እንግዲያው ዓይንዎንም አፍንጫዎንም የሚዘጋ ነገር ያግኙ» አለ ሰይድ፣ ግማሹን እየቀለደ። «ሞጣ አንድ ከባሕር ኃይል የተሰናበተ ባለሱቅ አለ። የጠላቂ መነጽር ሚስማር ላይ ሰቅሎ አይቻለሁ።»

ቀልዱን ለራሱ ተወችለት። በማግስቱ አንድ ቅል ቅቤ ይዛ፣ የጭነት መኪና ላይ ከጤፍ ጆንያ በላይ ተቀምጣ ሞጣ ወረደች።

ባለሱቁ ሣህለ ማርያም ይባላል። ምጽዋ ላይ ስምንት ዓመት ጠልቆ፣ ጆሮው ሲፈነዳ «ከእንግዲህ ውሃ ለመጠጥ ብቻ» ተብሎ የተሰናበተ ሰው ነው። ከሳሙናውና ከክብሪቱ በላይ ሁለት መነጽሮች ተሰቅለዋል፤ ከጎናቸው አንድ ባዶ ሚስማር አለ።

ገና ስትገባ፣ «እንዴ! እትዬ ሀብትነሽ!» አለና ከመደርደሪያው ጀርባ ዘሎ ወጣ። «ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥቼ ጠላዎን ጠጥቼ የለም እንዴ? አክስቴ እኮ ናቸው እትዬ ጥሩአየሁ!»

ሀብትነሽ ቅሉን ልትጥለው ነበር። በርበሬ እያስነጠሰኝ ነው ብትል፣ ወሬው እሷ ብቸና ሳትደርስ የጥሩአየሁ ምድጃ ዘንድ ይደርሳል። ልጇ ዕድሜዋን ሙሉ «በርበሬ የምትፈራዋ ልጅ» እየተባለች ልትኖር ነው።

«ይኼን መነጽር ፈልጌ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ለምን?»

«ለ… አምባሬ። የእናቴ የብር አምባር ሱሃ ወንዝ ውስጥ ገብቶብኝ።»

የሣህለ ማርያም ፊት በራ። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ውሃ የሚያወራው ሰው ሲጠብቅ ኖሯል። እስካሁን የመጡት አንዱ ለምትደነብር በቅሎው የዓይን መሸፈኛ፣ አንዱ ለሥዕል ማቀፊያ መስተዋት፣ አንዱም ለገብስ ውቂያ ነው የፈለጉት። ሁሉንም አባሯቸዋል።

«መነጽር እንደ ጫማ ነው፣ እትዬ። እግሩን የማያውቅ አይገዛም። በመጀመሪያ ጥልቀቱ ስንት ነው?»

«ወገቤን አለፍ ይላል።»

«ወገብ ከሆነማ መጎንበስ ነው እንጂ መጥለቅ አይባልም።»

«በጣም አለፍ ይላል አልኩህ!»

«ሱሃ? በታኅሣሥ?»

«በታኅሣሥ!» አለች ሀብትነሽ። ውሸት አንዴ ከገቡበት ወደ ኋላ መመለሻ የለውም።

ትልቁን አወረደና ፊቷ ላይ አስደግፎ፣ «ማሰሪያውን ይተዉት። በአፍንጫዎ ሳብ ያድርጉ። እኔ እጄን እለቃለሁ። ከያዘ ልክዎ ነው፤ ከወደቀ ውሃ ያስገባል» አላት። ሳበች። እጁን ለቀቀ። መነጽሩ ወደቀና ሣህለ ማርያም እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ቀለበው።

«ይኼ የሩሲያዎቹ ነው። ፊተ ሰፊ ናቸው።»

ሁለተኛውን አደረገላት። ሹሩባዋን ከግንባሯ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችና ሳበች። መነጽሩ እንደ መዥገር ተጣበቀ። እጁን ለቀቀ፣ አልወደቀም። ጎንበስ አለች፣ አልወደቀም። ተንፍሳ ልታወልቀው ብትል በአፍንጫ ትንፋሽ የለም፤ ዓይኗ ፈጠጠ።

«በአፍ! በአፍ ይተንፍሱ!»

በአፏ ተነፈሰች። አፍንጫዋ ከነምናምኑ ተቆልፏል። ይኼ ነው! አለች በልቧ።

«ከመጥለቅዎ በፊት መስተዋቱን በምራቅዎ ይቀቡትና ለቅለቅ ያድርጉት። አለዚያ በእንፋሎት ይሸፈንና አያዩም። እስቲ እንትፍ ይበሉ።»

«በሰው ፊት? እኔ? አላደርገውም!»

ወደ ባዶው ሚስማር ስታይ ጊዜ ሣህለ ማርያም ተከዘ። «ሦስተኛዋ ዓይን ብቻ የምትሸፍን፣ አፍንጫ ክፍት የምትተው ነበረች። ላይ ላዩን ለሚዋኝ እንጂ ለእርስዎ አትሆንም። እሷን አክስቴ ወሰዱብኝ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።»

ቅቤውን ሰጥታው ወጣች። «ጆሮዬ ባይሆን እኔው እጠልቅልዎ ነበር!» እያለ እስከ መኪናው ሸኛት።

በሳምንቱ ሙሉአለምን ዘመድ ጥሪ ብላ ላከቻት፣ በሩን ከውስጥ ሸጎረች፣ መነጽሩን አጠለቀች። መስተዋቱን በምራቅ የመቀባቱን ነገር አስባ «በሠርግ በርበሬ ላይ ምራቅ? ጥፊ ከዚህ!» ብላ ራሷን ገሠጸች። በርበሬውን ማመስ ጀመረች። ማስነጠስ የለ፣ ዕንባ የለ! ደስ አላትና ማንጎራጎር ጀመረች። መስተዋቱ ቀስ በቀስ ጭጋግ ለበሰ፤ ግድ የላትም፣ ዓይን ድሮም ውሸታም ነው። በርበሬው ሲደርስ አፍንጫዋ ይነግራታል። አፍንጫዬ ይነግረኛል ብላ ጠበቀች። ጠበቀች። አፍንጫዋ ግን ጎማ ውስጥ ታስሯል።

ጢሱ በቆርቆሮው ክፍተት ሁሉ ወጥቶ ሰማይ ነካ። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ገላው ከጥግ ሲያይ ቃጠሎ መሰለውና ጠመንጃውን ይዞ እየሮጠ መጣ፤ በሩን በእርግጫ ከፈተው። ከጢሱ መካከል አንዲት አንድ ትልቅ ዓይን ያላት፣ አፍንጫ የሌላት፣ ማማሰያ የጨበጠች ፍጥረት ዞር አለች።

«ቁም! እጅ ወደ ላይ! ከየት ነው የወረድከው?»

ፍጥረቷ ከነማማሰያዋ እጇን አነሳች፤ በታፈነ ድምፅም፣ «አንተ ገላው! ትናንት ያጎረስኩህን እጅ ነው ወደ ላይ የምትለው?» አለች።

«ጓዲት ሀብት… እንጥሽ! ሀብትነሽ? እንጥሽ!» የገላው ጠመንጃ ከማስነጠሱ ጋር ይዘላል።

«ይማርህ። አፈሙዙን ግን ወደዚያ አድርገው።»

በዚህ መካከል ደጁ ላይ ሁለት እንግዶች ቆሙ። አንዲት አቧራ የለበሱ ወይዘሮና፣ አንድ ረጅም ገመድ ትከሻው ላይ የጠቀለለ ሰው። ከሠርግ በፊት የሙሽራው እናት የሙሽሪትን ደጅ አትረግጥም፤ የአምባሩን መጥፋት ሰምተው ግን «ለጉዳትማ ወግ አይከለክልም» ብለው ወይዘሮ ጥሩአየሁ ሊያጽናኑ መጥተዋል። ሣህለ ማርያምም ስትጠልቅ ወገቧን ሊያስርላት ገመድ ይዟል።

ሣህለ ማርያም መነጽሩን አየ፣ ምጣዱን አየ፣ ዙሪያውን አየ።

«እትዬ» አለ ግራ ገብቶት፣ «ውሃው የት አለ?»

ሀብትነሽ መነጽሩን አወለቀች። ፊቷ ላይ ክብ ሰንበር ቀርቷል። አንድ ጊዜ ብትተነፍስ አፍንጫዋ ሁሉንም ነገራት፤ «አረረ!» ብላ ጮኸች። የሙሽራዋ በርበሬ ከሰል ሆኗል። ከዚያ ያው አመሏ መጣ።

«አምባር… እንጥሽ! አምባር የለም። እንጥሽ! ዋሸሁ። በርበሬው እያስነጠሰኝ… እንጥሽ! ልጄ እንዳትሰደብብኝ ብዬ ነው፣ እመቤቴ! እንጥሽ!»

ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ምጣዱን ዝቅ ብለው አዩ፤ ያረረውን አንስተው በጣታቸው አደቀቁት። ሀብትነሽ ፍርዷን ጠበቀች። እሳቸው ግን የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና አንዲት ትንሽ የዓይን ብቻ መነጽር አወጡ።

«ወንዙን አብሬሽ ልፈልግ ብዬ ይዤ መጥቼ ነበር» አሉ።

«እትዬ! ለምን እንደወሰዱብኝ እኮ አልነገሩኝም…» አለ ሣህለ ማርያም።

«ዝም በል አንተ!» አሉና ወደ ሀብትነሽ ዞሩ። «ዓይኔ ነው፣ እህቴ። በርበሬ ሲታመስ ሱሃን የሚያስንቅ ዕንባ ይወርደኛል። ሦስት ዓመት ሞጣን አታልዬ ኖርኩ። አፍንጫዬ ግን ብረት ነው።»

ሁለቱ እናቶች ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው ማን እንደሆነች በኋላ ሁለቱም ይካሰሱበት ነበር። ሳቁ በጢሱ ላይ ተጨምሮ ሊገድላቸው ደረሰ፤ ገላው ነው ጎትቶ ያወጣቸው።

በሦስተኛው ቀን አዲስ በርበሬ ተጣደ። ገላው ሰው እንዳይገባ በሩ ላይ ቆመ። ሣህለ ማርያም በቁጣ «ይቀቡት!» ስላለ፣ ሀብትነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንትፍ አለችበት። እሷ በተዘጋው መነጽር ታምሳለች፤ ወይዘሮ ጥሩአየሁ በክፍቱ መነጽር አጠገቧ ቆመው ያሸታሉ።

«ደረሰ?»

«ገና ነው።»

«አሁንስ?»

«አትቸኩይ አልኩሽ፣ አንቺ ሴት… አውጪ! አሁን አውጪ!»

በጥር ሠርጉ ሆነ። የሞጣ ሰው ወጡን እየጠቀሰ «የማን በርበሬ ነው?» ቢል፣ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ቀና ብለው «የእናቷ እጅ ነው» አሉ። ሀብትነሽም፣ «አፍንጫው ግን የሞጣ ነው» አለች። ሰዉ አማቾቿን ማክበሯ መስሎት መረቃት።

ከዚያ ወዲያ ዓመት በመጣ ቁጥር፣ ታኅሣሥ ሲገባ፣ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ያቺን መነጽር ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው በጭነት መኪና ብቸና ይወርዱ ነበር። ያልተጽናናው ሣህለ ማርያም ብቻ ነው። «ከሦስቱ አንዱ እንኳ ውሃ ሳያይ ቀረ!» እያለ ለመጣው ሁሉ ያማርር ነበር። ሀብትነሽ ይኼን ከሰማች ወዲህ፣ በርበሬው በተወቀጠ ማግስት መነጽሯን ይዛ ሱሃ ትወርዳለች፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቷን አያልፍም። እዚያ ላይ ቁጭ ብላ የተጣበቀበትን ብናኝ አጥባ ስታበቃ፣ ወደ ሞጣ በሚሄድ ሰው ሁሉ ይኼን ብቻ ትልክለታለች።

«ዛሬም ጠልቋል በሉት።»