ያቃጠልኩት ሬንጅ

እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ቸርች ውስጥ ምስክርነት ስሰጥ እንኳ ዘልዬዋለሁ፤ ሚስቴም አታውቀውም።

ፓሳዴና ከተማ ውስጥ የአስፋልት ጥራት በሚፈተሽበት ላብራቶሪ ከሂሩት ጋር እሠራ ነበር። ለዚያ ሥራ ያስቀጠረችኝ እሷ ናት። ሙከራዋ አስፋልቱን የሚያያይዘውን ሬንጅ እንደ ጎማ ከሚለጠጥ ፖሊመር ጋር ቀላቅሎ፣ መኪና ሲመላለስበት ቶሎ እንዳይሰነጠቅ ማድረግ ነበር። ብዙ ለፍታበታለች። የእኔ ድርሻ ሳምፕሉን በጣሳ ኦቨን ውስጥ አሙቆ ለመፈተሻው ማሽን ማዘጋጀት ብቻ ነበር።

የመጨረሻው ፈተና ዕለት ኦቨኑን ከልክ በላይ ከፍ አድርጌ ምሳ ልበላ ወጣሁ። ለምን? ቶሎ እንዲቀልጥልኝ። ስመለስ ጣሳው ይጨሳል። ፖሊመር ከተቃጠለ እንደማይለጠጥ አውቃለሁ፤ ያስተማረችኝ እሷ ናት። "ተቃጠለብኝ" ብል ምን ነበረበት? እኔ ግን ጭሱን አስወጣሁና ያንኑ ሬንጅ ማሽኑ ላይ ጫንኩት።

ማሽኑ ወዲያና ወዲህ ሲጠመዝዘው ብዙም ሳይቆይ ተሰነጠቀ። አለቃችን ፊቱን አጠቆረ። ሂሩት ወደ እኔ ዞረች።

"ኦቨኑ ኦኬ ነበር አይደል?"

"ኦኬ ነበር" አልኳት።

አመነችኝ። ቼክ እንኳ አላደረገችም። ፕሮጀክቱ ተዘጋ፤ ቆይቶም እሷን ከሥራ ቀነሷት። እኔ ቀረሁ። እኔ በእሷ ቦታ ተሾምኩ። ፈርቼ ነው ልበል? አዎ፣ ፈርቻለሁ፤ የፈራሁት ግን ለራሴ ብቻ ነው። አቃጠልኩ፣ ዋሸሁ፣ ከዚያም ሹመቱን ተቀበልኩ።

ባለፈው ቅዳሜ የሐበሻ ሱቆች ባሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ ተገናኘን። አሁን ባልድዊን ሂልስ የሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች። አቅፋ ሳመችኝና ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አቃተኝ። እዚያው መንገድ ዳር ቆመን ሁሉንም ነገርኳት።

አልጮኸችም።

"ሶ፣ ቅልቅሉ ትክክል ነበር?" አለች።

"አላውቅም ሂሩት። በደንቡ ሳይፈተን ቀረ።"



"እኔ'ኮ ይሄን ሁሉ ዓመት የምጠረጥረው የራሴን እጅ ነበር" አለችና ጥላኝ ሄደች።

ይቅርታ ለማለት እንኳ አልደረስኩም። ብደርስስ፣ በየትኛው አፌ እጠይቃታለሁ?