በጢስ ቀን ጣዕም ፍለጋ፤ ከኦሮራ እስከ መሃል ዴንቨር

ሰኞ ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ተራራው አልነበረም። እኛ ኦሮራና ዴንቨር የምንኖር ሰዎች ምዕራብን የምናውቀው በተራራው ነው፤ መንገድ የጠፋበት ቀና ብሎ እሱን ያይና ይመለሳል። የዚያን ዕለት ግን ጫካ ውስጥ የተነሣው እሳት ጢሱ እስከ ከተማው ወርዶ ሁሉን ውጦታል። ፀሐይዋ ቀልታ በባዶ ዓይን ትታያለች። መኪናዎች በጠዋት መብራት አብርተው ይሄዳሉ። ጎረቤቶቼ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው እየሳሉ ይጣደፋሉ። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ አየሩን ሳብ አደረግኩት። ምንም አልሸተተኝም።

የመውጣቴ ምክንያትም ይኸው ነው። በበረዶው ወራት ታምሜ ከተነሣሁ ወዲህ ሽታና ጣዕም ጥለውኝ ሄደዋል። ሽሮ ብበላ፣ ማር ብልስ፣ ጨው ብቅም ሁሉም አንድ ነው፤ ትኩስ ወይም ቀዝቃዛ ነገር አፌ ገብቶ ይወርዳል፣ በቃ። በየማለዳው ከሥዕለ ማርያም ሥር ካለችው መደርደሪያ ጸበሌን አንሥቼ በባዶ ሆዴ ፉት እላለሁ። ሐኪሙ «ሊመለስልሽ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» አለኝ፤ እኔም ችዬው እኖር ነበር። በሰኔ ግን አንድ ቀን የጋዝ ምድጃው ሳይቀጣጠል ተከፍቶ ቀርቶ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ዳዊቴን ስደግም፣ በኮሪደሩ የምታልፍ ጎረቤት በሬን ደብድባ አወጣችኝ።

ሚኒያፖሊስ ያለችው ልጄ ማርታ ይህን ስትሰማ ቁርጡን ነገረችኝ። «ማሚ፣ እስከ ዕንቁጣጣሽ ካልተመለሰልሽ አፓርታማውን ለቀሽ እኔ ጋ ትመጫለሽ። ኖ ዲስከሽን።» ልጄ ክፉ አስባ አይደለም። ግን እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርኩበትን ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያኔን፣ የጽዋ ማኅበሬን ትቼ በስተርጅና እንደገና እንግዳ ልሆን ነው። ዕንቁጣጣሽ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ወደ ጃፓን ብስኩትና ለስላሳ የወሰደችኝ ውድነሽ ናት። ውድነሽ ሊትልተን ትኖራለች፣ በመኪናዋ ሰው ታመላልሳለች፣ የሐዋሳ ልጅ ናት። እሷ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ ሆስፒታል ጽዳት አብረን ስንሠራ ተዋውቀን እስከ ዛሬ ስንጨቃጨቅ ተዋደን ቀረን። አንድ ተሳፋሪ ነገራት አሉ።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ጃፓኖች የሚሠሩት ኮምጣጣ ነገር አለ። የሞተ ምላስ ያስነሣል!»

«ሙታንን የሚያስነሣ አንድ ነው» አልኳት።

«እሱማ ነው፤ ግን ከረሜላ አይከለክልም።»

ማሸጊያቸው ላይ የሚጻፈውን ስለማላውቅ፣ ወተት ይግባበት ዓሣ ስለማልለይ፣ ፍልሰታ እስኪፈታ አስጠበቅኳት።

ረፋድ፣ ኦሮራ

የመጀመሪያው ሱቅ ከልብስ ማጠቢያና ከጥርስ ሐኪም ጎን የተሰካ ትንሽ ቤት ነው። በሩ በራሱ ተከፈተ፤ የሴት ድምፅ ከላይ ሆኖ በጃፓንኛ አንድ ነገር አለን። ውስጥ ማንም የለም። ጢሱን ፈርቶ ሰው ከቤቱ አልወጣም። መክፈያው ጋ የሸክላ ድመት ተቀምጣ አንድ እጇን ታወዛውዛለች፤ ና ትበል ሂድ ትበል አይታወቅም። ወደ ጓዳው «ሄሎ» ብንል መልስ የለም፤ እጇ ብቻ ወደ ላይ፣ ወደ ታች።

ውድነሽ ስልኳን እያንዳንዱ ማሸጊያ ላይ ትደግናለች፤ ስልኩ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ይቀይርላታል። ፊደሎቹ ግን አንድ ቦታ አይረጉም፤ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ። አንዱን ከረሜላ «ሣር» አለው፣ እጇ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ «የሚጠብቅ ሰው» አለው። እኔ አማተብኩና ወደ መደርደሪያው መለስኩት።

«ይኸን እንይ፣ ስኩዊድ የሚባል የባሕር እንስሳ ነው፣ የደረቀ» አለች።

«እሱ ክንፍና ቅርፊት የለውም፤ አልበላም።»

«ኤዲያ! ጣዕሙ ካልተሰማሽ ምን ለውጥ አለው?»

«እኔ ባይሰማኝ ፈጣሪ ያያል።»

«እሺ እሺ፣ የእኔው ይሁን» ብላ ለራሷ ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው።

ልንወጣ ስንል አንዲት ልጅ ማስክ አድርጋ ከጓዳ ብቅ አለች። ድምፅ ሳታሰማ ሒሳባችንን ሠርታ፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ፣ ተመልሳ ገባች። ሃያ ሦስት ዶላር ሆነብን፤ ለብስኩት! መኪና ውስጥ ማሸጊያዎቹን ከፈትናቸው። ከለውዝ ጋር የደረቁ ጥቃቅን ዓሦች ዓይናቸው እንዳለ ነው፤ እፍኝ ሙሉ ዓይን አፌ ውስጥ ጨመርኩ። እንደ ገለባ ተሰባበሩ። አረንጓዴ ዱቄት የለበሰው አተር እንባዬን አወረደው፣ አፍንጫዬን እንደ መርፌ ወጋው፣ ጣዕም ግን የለውም። ሙታን ያስነሣል የተባለለት ኮምጣጣ ፕለም ተራው ደረሰ። ውድነሽ ቀድማ ቀምሳ ፊቷ እንደ ጨርቅ ተጨማደደ፣ መሪውን በቡጢ መታች።

«እንዴት ነው እትዬ? እ? እ?»

አላመጥኩት። ፍሬ እንዳለው ጥርሴ ነገረኝ። «ለስላሳ ነው» አልኳት። ውድነሽ የመኪናውን መስታወት መጥረጊያ አበራችው። አመድ መውረድ ጀምሮ ነበር፤ በነሐሴ እንደ ስስ በረዶ።

እኩለ ቀን፣ ሴንትራል ፓርክ

ሴንትራል ፓርክ ዛሬ ውብ መኖሪያ ነው፤ ድሮ ግን ኤርፖርት ነበር። እኔ ስደተኛ ሆኜ፣ ማርታን በጀርባዬ አዝዬ፣ ከአውሮፕላን የወረድኩት እዚህ ነው። አሁን የአውሮፕላን መቆጣጠሪያው ታወር ብቻ ቆሟል። የዚያን ቀን አናቱ በጢሱ ውስጥ ስለጠፋ ከሰማይ ቁልቁል የተንጠለጠለ ይመስል ነበር።

ማስካችንን አጥብቀን ወንበር ላይ ተቀመጥን። መጫወቻው ባዶ ነው፤ ዥዋዥዌው ግን ማንም ሳይኖርበት ይንቀሳቀሳል። ንፋስ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ጀርባዬን አልሰጠሁትም።

ውድነሽ አንገቱ የጠበበ የለስላሳ ጠርሙስ አወጣች። አፉን የዘጋው የብርጭቆ ብይ ነው፤ በአውራ ጣቷ ስትገፋው ጠለቀ፣ ጋዙም እንደ እባብ ፉጨት አሰማ። በጠጣሁ ቁጥር ብይዋ እየተንከባለለች መጥታ አፉ ላይ ትቆምና እንደ ዓይን ታየኛለች። ቀዝቃዛ፣ የሚቆነጥጥ፤ ሌላ ምንም። ከዚያ ለልጆች የሚሸጥ የዱቄት ከረሜላ በውኃ አማሰለች። ሰማያዊ የነበረው ሐምራዊ ሆነ፤ አረፋ ይዞም ከሳህኑ በላይ መነሣት ጀመረ።

«ያብጣል! እትዬ፣ ያብጣል!»

«አንቺ ነሽ ያማሰልሽው፤ አስቁሚዋ።»

«በኢየሱስ ስም!» አለችው ከረሜላውን፤ ሁለታችንም እስክንስል ሳቅን። ሳቃችን ከታወሩ ተመልሶ የመጣ መሰለኝና አፌን ያዝኩ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አሜሪካ ስወርድ መጀመሪያ የተሰጠኝ የብርቱካን ጭማቂ ነበር፤ እዚሁ፣ ምናልባት ከተቀመጥንበት ሥር። ስኒውን አስታውሳለሁ፤ ወረቀት ነው። ቅዝቃዜውን አስታውሳለሁ። ጣዕሙን በሐሳቤ ፈለግኩት፤ የለም። የብርቱካንን አሰብኩ፣ የሎሚን፣ የእናቴን ቂጣ። ሁሉም ቦታቸው ባዶ ነው፤ ሰው ወጥቶ እንደዘጋው ቤት። ጣዕምን ከምላሴ ብቻ ሳይሆን ከትዝታዬም እየተነጠቅኩ መሆኔን ያወቅኩት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ለውድነሽ አልነገርኳትም። ማስኩ ውስጥ «አቤቱ ማረኝ» አልኩ።

ከሰዓት፣ መሃል ዴንቨር

ወደ መሃል ዴንቨር ስንገባ የመንገድ መብራቶቹ ማታ መስሏቸው በርተዋል። ውድነሽ ፓርክ አድርጋ ወደ አንድ አሮጌ የጃፓኖች ሱቅ ወሰደችኝ። የሱቁ ባለቤት ፀጉራቸው የነጣ ትንሽ ሴት ናቸው። ሁሉም ሰው ማስክ ባደረገበት ቀን እሳቸው ባዶ ፊታቸውን፣ ምንም ሳይንቀሳቀሱ፣ ከመደርደሪያዎቹ መሃል ቆመው ጠበቁን። መጀመሪያ ምስል መስለውኝ ነበር፤ ዓይናቸው ሲከተለኝ ደንገጥ አልኩ።

ችግሬን ውድነሽ በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። አላዘኑልኝም፣ አልገረማቸውም። ከፍሪጅ አንድ ንጹሕ ውኃ የያዘ ጠርሙስ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩ።

«ውኃ ነው?» አልኩ።

«የኮክ ፍሬ ለስላሳ ነው» አሉ። «ውኃ ይመስላል እንጂ። አገር ቤት ሥራ ላይ ለስላሳ መጠጣት የሚያፍሩ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ነው።» ትንሽ ቆይተው ጨመሩ። «ባለቤቴ ከመሞቱ በፊት ምንም አልጥመው ሲል ይህን ይጠጣ ነበር። ጥሩ ነው ይለኛል። ይሰማው ይሁን ለእኔ ብሎ ይሁን አላውቅም።»

ሦስት ዶላር ከፈልኩ። እጃቸው በጣም ቀዝቃዛ ነበር፤ ጠርሙሱን ይዘው ስለቆዩ ነው።

መኪና ውስጥ ውድነሽ ልትፈትነኝ ፈለገች። ተራ ውኃ ገዝታ፣ የሁለቱንም ጠርሙሶች ወረቀት ልጣ፣ «ዓይንሽን ጨፍኚ፤ የትኛው ነው?» አለችኝ። ቀመስኩ። ደግሜ ቀመስኩ። «ሁለቱም ውኃ ነው» አልኳት። ዓይኔን ስገልጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። ከዚያ ሞተሩን አስነሥታ ወደ ቤት ነዳች።

ቤት

ቤት ስንደርስ ጢሱ ራሴን አዙሮኝ ስለነበር ጋደም አልኩ። ውድነሽ ዕቃውን አስገብታ፣ ጓዳ ጥቂት ተንጎዳጉዳ፣ ግንባሬን ሳመችኝና ሄደች። ማርታ ደወለች። ምን ልበላት? «ምንም የለም» አልኳት። «ኦኬ ማሚ፣ ቲኬቱን ቡክ ላድርግ?» አለች። «ነገ እንነጋገር» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ማክሰኞ ማለዳ መስኮቱ አሁንም ቀይ ነበር። ፊቴን ታጠብኩ፣ ጸሎቴን አደረስኩ። እንደ ወትሮው ከሥዕሉ ሥር እጄን ዘርግቼ ጠርሙሱን አነሣሁ፤ አማትቤ ፉት አልኩ።

አንድ ነገር አፌ ውስጥ ነበር።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቅኩትም። ክብ፣ ስስ፣ ከሩቅ የሚመጣ። ጉሮሮዬን አልፎ ወደ አፍንጫዬ ወጣ። ፍሬ ነው። ጸበሌ ፍሬ ፍሬ አለ። ፀጉሬ ቆመ። ሥዕሉን ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም፤ ተንበረከክኩ። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ቀዩ ብርሃን ወለሉ ላይ ተኝቷል። ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው፤ ፈራሁ። እኔ ማን ነኝና?

ስነሣ ግን መደርደሪያው ላይ ሁለት ጠርሙስ አየሁ። ሁለቱም ወረቀት የሌላቸው፣ ሁለቱም ጥርት ያሉ። ለውድነሽ ደወልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ከሥዕሉ ሥር ምን አስቀምጠሻል?»

«እ? ያቺን የሴትየዋን ነዋ። ፍሪጅሽ ሞልቶ እምቢ አለኝ፤ መደርደሪያው ላይ ውኃ አይቼ ከጎኑ አቆምኩልሽ። ምነው? ውይ! ጸበል ነው እንዴ? እትዬ፣ አላወቅኩም፣ ይቅር በይኝ!»

እፍረት ወረረኝ። የሦስት ዶላር ለስላሳ ይዤ ተንበርክኬያለሁ። «ግድ የለም» አልኳት። «ጸበሌ ፍሬ ፍሬ ሲለኝ ጊዜ ደንግጬ ነው። በይ ደህና ዋዪ።»

«እሺ፣ ደህና… ቆይ። ቆይ ቆይ ቆይ! እትዬ፣ ፍሬ ፍሬ ማለቱን በምን አወቅሽ?»

ስልኩ ውስጥ ስታለቅስ እሰማ ነበር። ሌላውን ጠርሙስ ከፍቼ ቀመስኩ፤ ውኃ፣ ንጹሕ ውኃ። የመጀመሪያውን ደግሜ ቀመስኩ፤ የኮክ ፍሬ። ጸበሌን ወደ ቦታው መልሼ፣ አሁን ቀና ብዬ ሥዕሉን አየሁ።

ትናንት ቀኑን ሙሉ የሚጮኸውን ስፈልግ ነበር የዋልኩት፤ የሚያቃጥለውን፣ የሚኮመጥጠውን፣ የሚያብጠውን። የመጣልኝ ግን ከውኃ እምብዛም የማይለየው ነው። የሱቋ ሴትዮ ባልም ይሰማቸው እንደነበር አሁን አምናለሁ፤ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።

ማርታ ጋ ስደውል አላመነችኝም። «ማሚ፣ ላለመምጣት ብለሽ እንዳይሆን። አጠገብሽ ያለ ነገር አሽትቺና ንገሪኝ፣ ራይት ናው።»

መስኮቱን ከፈትኩት። መጣ፤ የተቃጠለ እንጨት፣ የጥድ ሙጫ፣ አመድ፤ ከተማው ሁሉ የሚሸሸው ጢስ አፍንጫዬን ሞላው፤ አሳለኝ፣ አስለቀሰኝ።

«ጢስ» አልኳት። «ማርታዬ፣ ጢስ ይሸተኛል።»

«ማሚ! ዊንዶውን ዝጊው፣ ኤሩ ፖይዝን ነው!» ብላ ጮኸች።

«እዘጋለሁ» አልኩ። «ትንሽ ላሽትት።»