ገመዱን የለቀቅኩት እኔ ነኝ

አላለቀስኩም። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ሐበሻ ካፌ ቁጭ ብላችሁ «እሱ እንደሆነ ደርቆ ቀርቷል፣ ጀልባዋን ያቆመችው እህቱ ናት» የምትሉ ሁሉ፣ አንዳችሁም እዚያ አልነበራችሁም። እኔ ነበርኩ። ዛሬም መኪና ጠጠር ላይ ፓርክ ሲያደርግ ያ ድምፅ፣ የጀልባዋ ሆድ አሸዋ ሲፍቅ የሰማሁት ክርርር፣ ተመልሶ ይመጣና ጀርባዬን ይበርደኛል።

አባዬ ታክሲ ይነዳ ነበር። ሰመር በመጣ ቁጥር አንድ ደንበኛው ሚጢጢ የሸራ ጀልባውን ያውሰው ነበርና፣ እሁድ ከቸርች ስንወጣ እኔንና ታላቅ እህቴን ሜሮንን ጭኖ ከባሕሩ ጋር የምትገናኝ ወሽመጥ ውስጥ ያዞረን ነበር። እማዬ ውሃ ስለማትወድ ማዶ ሳሩ ላይ ምሳ ዘርግታ ትጠብቀን ነበር። ፒኮ መንገድ በትራፊክ ሲዘጋ በየጓሮው ሹልክ ብሎ የሚወጣ ሰው ነው አባዬ፣ እሱ የማያውቀው ሾርትካት የለም፣ ሶ ውሃውንም እንደዛ ነበር የሚያየው።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ እያለሁ አንድ እሁድ ንፋስ ጠፍቶ አረፈድን። የእማዬ የሆስፒታል ሽፍት ሊጀምር ነው፣ የመኪናው ቁልፍ ደሞ አባዬ ኪስ ውስጥ ነው። ንፋሱ ሲመለስ አባዬ በጥልቁ በኩል መዞሩን ትቶ ጀልባዋን ወሽመጧ መሃል ከውሃው ስር ወደተቆለለው አሸዋ መራት። ውሃው ሲሞላ በዚያ ይታለፋል፣ ሲጎድል ግን አሸዋው ከስር ይቀርባል።

«አባዬ፣ ውሃው እየጎደለ ነው'ኮ» አለች ሜሮን።

«አንቺ ደሞ፣ ትራፊክ ፖሊስ ነሽ እንዴ? ቀጥ ብለን ነው የምንወጣው» አለና ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ወዲያው ክርርር አለ። ቆምን።

መሪውን ለሜሮን፣ የሸራውን ገመድ ለኔ አስያዘን። «ጠበቅ አርገህ ያዝ፣ ምንም ቢመጣ እንዳትለቅ» አለኝና ሊገፋ ወረደ። ውሃው ጉልበቱ ድረስ ነበር። ታክሲው ውስጥ ቀበቶ ያላሰረ ሰው የማይጭነው አባዬ፣ ላይፍ ጃኬቱን «ቦርጬን ያጎላብኛል» ብሎ አውልቆት ነበር። ዋና አይችልም። ገፋ፣ ደግሞ ገፋ፣ የሱ ክብደት ስለሌለባት ጀልባዋ ተንሳፈፈች፣ ንፋሱ ሸራውን ሞላውና ይዞን ሄደ።

አባዬ ተከትሎን ሮጠ። አሸዋው የሚያልቅበት ጋ ሲደርስ ተሰወረ። ከዛ ጭንቅላቱ ብቻ ወጣ፣ አፉ ይከፈታል፣ ድምፁ አይሰማም።

«ገመዱን ልቀቀው፣ አቡሽ፣ ልቀቀው» ትላለች ሜሮን።

«አባዬ እንዳትለቅ ብሏል።»

እኛ ቤት አባዬ ካለ አለቀ ነበር። ገመዱን ባጠበቅኩ ቁጥር ጀልባዋ ትፈጥናለች፣ ጭንቅላቱ እያነሰ ይሄዳል፣ እኔ ግን እየታዘዝኩት ነው። እኔ ፍርሃት የማውቅ ሰው አይደለሁም፣ ማንም ይነግራችኋል፣ ያን ቀን ግን አወቅኩት። ጭንቅላቱ ጠለቀ። ለቀቅኩት።

ሸራው መርገብገብ ጀመረ፣ ጀልባዋ ዞር ብላ ቆመች። ውሃው ወደ ባሕሩ እየሸሸ ስለነበር አባዬንም ወደኛ እየገፋው ነበር መሰለኝ፣ ግን አይታይም። የለቀቅኩት ገመድ ውሃው ላይ ተዘርግቷል። አየን፣ አየን፣ ምንም። ከዛ አንድ እጅ ከስር ወጥቶ ጫፉን ጨበጠው። እኔና ሜሮን ተጋግዘን ሳብነው። ኦኬ፣ ሜሮን በጉልበት ትንሽ ትበልጠኝ ነበር።

እየሳለ ጀልባዋ ውስጥ ተዘረጋና «ማን ልቀቅ አለህ?» አለኝ።

«ማንም» አልኩት።

ሜሮን ዞር ብላ አየችኝ። አባዬ እግሬን ያዘ፣ ማዶ እስክንደርስ አልለቀቀውም። እማዬ የራሰ ሸሚዙን አይታ ቁልፉን እንኳ አልተቀበለችም፣ ያን ቀን ሥራም አልገባችም።

ያኔ አባዬ ሲያዘኝ እጄ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ይታዘዝ ነበር። ዛሬ በቁመት በልጬዋለሁ፣ የምነዳለትም እኔ ነኝ፣ «በዚህ ግባ» ሲለኝ መጀመሪያ ፊቱን አያለሁ። ሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳር ስንሄድ እሱ ከጎኔ ቁጭ ብሎ አይስክሬም እየበላ፣ የኔ ዓይን ውሃው ላይ ጭንቅላት ይፈልጋል።

ሶ ያላመናችሁ፣ ሂዱና እዚያ የነበረ ሰው ጠይቁ። ሜሮንን ተዉአት፣ እሷ ታጋንናለች። አባዬን ጠይቁት፣ ይኸው ቤት አለ።