ትርፍ የተባለው ዲስክ

በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ሥራ ላይ ስትሆን ለራሷ ስለምታዜም፣ የሚያውቃት ሁሉ «እንጉርጉሮ» ይላታል። ያን ዕለት ጠዋት አራት ባለ ስምንት ቴራባይት ዲስኮችና አንድ የዲስክ ሣጥን ታቅፋ የንድፍ ቢሮውን ደረጃ ስትወጣ ግን ድምፅዋ አልተሰማም። ከሦስት ዓመት በፊት ያንኑ ደረጃ እያለቀሰች ወርዳዋለች።

ያኔ የቢሮውን ኮምፒውተሮች የምትንከባከበው እሷ ነበረች። የሰባት ዓመት የቤት ፕላን የተቀመጠበትን ማሽን በሁለት ዲስክ አሰናድታው ነበር፤ አንዱ የጻፈውን ሌላውም ይጽፋል፣ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ። እናቷ ታመውባት የዐሥር ቀን ፈቃድ ወጣች። በሦስተኛው ቀን የቢሮው ባለቤት ኢንጂነሩ፣ የልጁን የሠርግ ቪዲዮ የሚያስቀምጥበት ቢያጣ ማሽኑን ከፈተው። «ሁለቱም ያው አንድ ነገር ከያዙ አንዱ ትርፍ ነው» አለና አንዱን ነቅሎ ቤቱ ወሰደው፤ ያለበትን አጥፍቶ ቪዲዮውን ሞላበት። ማሽኑ ጢ... ጢ... እያለ አቤት አለ። ኢንጂነሩ ራሴን አዞረኝ ብሎ በድምፅ ማውጫው ላይ የቁስል ፕላስተር አስለጠፈበት። በዘጠነኛው ቀን ብቻውን የቀረው ዲስክ ሞተ።

ስትመለስ ማሽኑን እንኳ አላሳያትም። አዳራሹ ውስጥ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ «የሰባት ዓመት ልፋታችንን በቸልተኝነትሽ ቀበርሽው» ብሎ አባረራት። እናቷም አልጋቸው ላይ ሆነው «ምነው ልጄ፣ አንቺ እኮ ጠንቃቃ ነበርሽ» እንዳሉ አሸለቡ። የቢሮው ሽማግሌ ፕላን ነዳፊ በስልክ እውነቱን የነገራት ከቀብሩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ቂሟ ግጥም ሆኖ ከአፏ አልጠፋም፦

ስሜን የቀበሩት ቆፍረው ያውጡልኝ፣
የወሰዱትን ቀን ቆጥረው ያምጡልኝ።

እነሆ ዕቃ አቅራቢው ድርጅት፣ ታሪኩን ሳያውቅ፣ የላካት ባለሙያ እሷው ሆነች።

«አንቺን ነው እንዴ የላኩት?» አለ ኢንጂነሩ፣ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ።

«እኔን ነው። ሌላ ሰው ይምጣልኝ ካሉ ወር ይጠብቃሉ።»

ከበሩ ገለል አለ። «ግቢ፣ ግቢ እህቴ። ያለፈው አልፏል።»

«ለእርስዎ» አለችና አለፈችው።

ዲስኮቹን እያንዳንዳቸውን በመሳቢያቸው ላይ በካቻቪቴ አሰረቻቸው፤ ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ለጠፈችባቸው፤ ሣጥኑ ውስጥ ገፋቻቸው። አራቱን እንደ አንድ ሰፊ ጎተራ አጣመረቻቸው፤ ከአራቱ አንዱ ቢሞት ሦስቱ ተጋግዘው የሞተውን ድርሻ ይወጡለታል። ከዚያ ወዲህ የተነደፉት ፕላኖች ተገልብጠው ሲያልቁ ሠራተኛውን ሁሉ ወደ አዳራሹ ጠራች። ስታስረክብ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምታደርገው፤ ማሽኑን በባለቤቶቹ ዓይን ፊት ታቆስለዋለች።

«ፕላን ክፈቱ» አለች። ሽማግሌው ነዳፊ አንድ ቤት ከፈተ። ሦስተኛውን ዲስክ መዥረጥ አደረገችው። ጸሐፊዋ አፏን ያዘች። ቤቱ ከነመስኮቱ ከነደረጃው ስክሪኑ ላይ ቆሞ ቀረ። ሣጥኑ ግን ጢ... ጢ... ማለት ጀመረ።

ዲስኩ ላይ ያለውን አጥፍታ መለሰችው። ከሦስቱ እየተቀዳ ሊሞላ ጀመረ፤ አንድ ከመቶ።

«ጩኸቱ መቼ ነው የሚያበቃው?» አለ ኢንጂነሩ።

«ሲድን። ነገ ጠዋት።»

ቡና ሰዓት አለፈ፤ ጢ... ጢ...። እሷ ወንበር ስባ፣ እጇን አጣጥፋ፣ ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጣለች። በመጨረሻ ኢንጂነሩ ግንባሩን እያሸ መጣ።

«ማጥፋት አይቻልም እንዴ?»

«ይቻላል» አለች በለሆሳስ። «በፕላስተርም ይቻላል።»

ጸሐፊዋ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ሽማግሌው ነዳፊ ሳል ያዘው፤ ሳል ግን አልነበረም።

«ቢሮዬ ገብተን እንነጋገር» አለ ኢንጂነሩ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ።

«እኔን ያባረሩኝ እዚህ ነው።»

ዙሪያውን ተመለከተ። «እንግዲህ... ያኔ አንድ ስህተት ተፈጥሮ ነበር።»

«ማን ፈጠረው?»

ጢ... ጢ...

«እኔ ነኝ» አለ። «ዲስኩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ፕላስተሩንም ያስለጠፍኩት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም።»

እንጉርጉሮ አንዲት ቁልፍ ተጫነች፤ ጩኸቱ ቀጥ አለ። ገና ሲጀምርም መጫን ትችል ነበር፤ ይህን አሁን ሁሉም ገባው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ ኢንጂነሩ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

እንጉርጉሮ እንዲህ ያለችውን ሰዓት ስንት ጊዜ አልማታለች፤ በሕልሟ እዚህ ላይ ሲደርስ ሆዷ ይባባ ነበር። ጠበቀች። አልባባም። ደስ አላት፣ ደስ ስላላትም አላፈረችም።

«እኔ የጠየቅሁት እውነቱን ነው» አለችው። «ይቅርታውን እናቴን ነበር የሚጠይቁት፤ ዘገዩ።»

የርክክብ ወረቀቱን ከነእስክሪብቶው ዘረጋችለት። እሱም ሠራተኛው ሁሉ እያየው፣ ቆሞ ፈረመ።